የተኛው ሹፌር ዋስ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። የሰርጉ አዳራሽ ተዘግቷል። አንድ ሰው መንገድ ዳር ባቆመው መኪናው ሹፌር ወንበር ላይ ተኝቷል፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ ክራቫቱን ፈትቶ፣ ኮቱን እንደ ብርድ ልብስ ደረቱ ላይ ጥሎ። ሞተሩ ጠፍቷል። ቁልፉ ግን ከተሰካበት አልተነቀለም፤ ሬዲዮው በቀስታ ያንጎራጉራል። ሰውዬው ከአዳራሹ ሲወጣ መንዳት እንደማይችል አውቆታል፤ “ትንሽ ላሸልብና ሲበርድልኝ እሄዳለሁ” ብሎ ነው የተኛው። መስኮቱ ተንኳኩቶ የፖሊስ ባትሪ ዓይኑ ላይ ሲበራ ጥፋቱ ምን እንደሆነ አይገባውም። አልነዳማ!

ይህን ሰው የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ እንደ እሱ ያደረ ግን ሞልቷል። አሁን እንደተኛ ከነመኪናው እናንሣውና በዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ፖቶማክን አሻግረን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ ጎዳና ዳር እናስቀምጠው። አልነቃም፣ አልተገላበጠም። የተገላበጠው ሕጉ ነው።

የሜሪላንድ የበላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1993 እንዲህ ዓይነት ጉዳይ ቀርቦለት ነበር፦ ሰውዬው ሹፌር ወንበር ላይ ተኝቷል፣ ቁልፉ ተሰክቷል፣ ሞተሩ አልተነሣም። ፍርድ ቤቱ መኪናን እንደ መጠለያ በመጠቀምና መኪናን በእጅ አድርጎ በመቆጣጠር መካከል ልዩነት አለ አለና ነጻ አወጣው። ዳኞች እንዲመዝኗቸው የዘረዘራቸው ነገሮችም አሉ፤ ሞተሩ ይሠራል ወይ፣ ሰውዬው የት ተቀምጧል፣ ነቅቷል ወይስ ተኝቷል፣ ቁልፉ የት ነው፣ መብራቱ በርቷል ወይ፣ መኪናው በሕጋዊ ቦታ ቆሟል ወይ። በቨርጂኒያ ደግሞ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ነገሩን አሳጠረው። የሰከረ ሰው በሕዝብ መንገድ ላይ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ቁልፉ ተሰክቶ ከተገኘ፣ ቁልፉ ወዴትም ይዙር ወዴት፣ መኪናውን እንደያዘ ይቆጠራል። የእኛ ሰው እንግዲህ ሜሪላንድ ላይ የሚከራከርበት አለው፤ ቨርጂኒያ ላይ ግን ዲዩአይ (ሰክሮ የመንዳት ወንጀል) ተጽፎበታል።

የሜሪላንድ ሕግም ቢሆን ቃሉን ለጥጦታል። በዚያ ሕግ “መንዳት” ሲባል ማንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን ተሽከርካሪውን በቁጥጥር ሥር ማድረግም ነው። ይህ ለአማርኛ ጆሮ ይከብዳል። እኛ ዘንድ መንዳት የተጀመረው በከብት ነው፤ የሚነዳ ነገር ይሄዳል። ላሞቹ ተኝተው ሲያመሰኩ ዛፍ ጥላ ሥር የተጋደመውን ልጅ “ከብት እየነዳ ነው” የሚል የለም። ግን እረኛ ነው። ተኝቶም እረኛ ነው፤ ከብቱ የሰው አዝመራ ቢገባ “ተኝቼ ነበር” ማለቱ ጥፋቱን ያብሳል እንጂ አያድነውም። የካናዳ ሕግም ወንጀሉን ሲሰይም ከቁጥጥር ጎን “መጠበቅ” የሚል ቃል አስገብቶ ኖሯል፤ ከነጂነት ይልቅ ለእረኝነት የቀረበ ቃል ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እረኛው የሚጠየቀው ከብቱ አዝመራ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። የመኪናው እረኛ የሚጠየቀው ላሞቹ እንደተኙ ነው።

“ሳይቃጠል በቅጠል ነዋ!” የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ የሰከረ ሹፌር የገጨው ልጅ ያለው ወላጅ ፊት ቆሜ በዚህ አልከራከርም። ግን ወንጀል ሕግ በተለምዶ ቅጠሉን የሚያነሣው እሳቱ ከተጫረ በኋላ ነው። የ1996ቱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 26 መሰናዶ ብቻውን በመደበኛው እንደማያስቀጣ፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ ቅጣት የሚመጣው ድርጊቱ ተጀምሮ ሙከራ ሲሆን እንደሆነ ይደነግጋል። መሰናዶው ራሱን ችሎ ወንጀል ተብሎ ከተጻፈ ግን ያስቀጣል። እነ ቨርጂኒያ ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ ወንበሩ ላይ መቀመጡን ራሱን የቻለ ወንጀል አደረጉት። የሚገርመኝ ሰውዬው ለመንዳት እንኳ አለመሰናዳቱ ነው። የተሰናዳው ለመተኛት ነው።

ታዲያ የተቀጣው በምኑ ነው? መንዳት በመቻሉ። “መቻል” ደግሞ የቆየ ጠብ ያለበት ቃል ነው። በጥንቷ ግሪክ የሜጋራ ፈላስፎች፣ አንድ ሰው አንድን ነገር ይችላል የሚባለው ሲያደርገው ብቻ ነው ይሉ ነበር፤ የማይገነባ ግንበኛ መገንባት አይችልም። አርስቶትል እንዲህ ከሆነ የተቀመጠ ሰው መቼም ሊቆም አይችልም ብሎ አፈረሰባቸው። የእኛ ሰው ጠበቃ የሜጋራ ሰው ነው፤ “አልነዳምና ነጂ አይደለም” ይላል። ዐቃቤ ሕጉ አርስቶትላዊ ነው፤ “የተቀመጠ ይቆማል፣ የተኛም ይነቃል” ይላል።

ዐቃቤ ሕጉ በዚህ ብቻ ግን አያሸንፍም። ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያለ ጤነኛ ሰው ሁሉ ሰው መግጨት ይችላል፤ መቻል ጥፋት ቢሆን ማን ይተርፍ ነበር? ከተጨማሪ መሣሪያው ጋር ሲመጣ ነው የምሰማው። አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ የተኛን፣ ያበደንና የሰከረን ሰው ባንድ ረድፍ ያሰልፋቸዋል፤ ዕውቀት አላቸው፣ ግን በሌላ መንገድ የላቸውም። የእኛ ሰው ከሦስቱ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ሆኗል። ስምንት ሰዓት ላይ “አልነዳም” ብሎ የወሰነው ሰው ያውቅ ነበር። ዐሥር ሰዓት ላይ ብርድ የሚቀሰቅሰው፣ አፉ የደረቀ፣ “አሁንማ ደህና ነኝ” የሚለው ሰው ግን ሌላ ነው። ገና አልበረደለትም፤ እንቅልፉ የጠጣውን እንዳጠበለት ግን እርግጠኛ ነው። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ቃል ሊገባለት አይችልም።

በድሮው የአገራችን ሙግት ዳኛ “ዋስ ጥራ” ይል ነበር። ዋስ ማለት አንተ በሌለህበት ስለ አንተ የሚቆም ነው፤ ዋስ ያጣ ከባላጋራው ጋር ቁራኛ ይታሰር ነበር። ማንም ለራሱ ዋስ መሆን አይችልም። የሜሪላንድን ዝርዝር እንደገና ሳነበው የማየው ይህንን ነው፤ ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ለሚነቃው ሰው የቆመ ዋስ ነው። የኋላ ወንበር ደካማ ዋስ ነው፤ ወደ ፊት መዝለል ይቻላል። ለደጋሹ የተሰጠ ቁልፍ ጠንካራ ዋስ ነው። ጠፍቶ ያለ ሞተር ዋስ ሊሆን በቻለ፣ ግን የታኅሣሥ ብርድ አያስችለውም፤ ማሞቂያ ለማብራት ሞተር የሚያስነሣ ሰው ከዝርዝሩ ትልቁን ነጥብ ያጣል። በአዝራር በሚነሡት አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ሆኖ ስለሚሠራ “ቁልፉ የት ነበር?” የሚለው ጥያቄ ራሱ ሟሟ።

ኪቤክ ውስጥ አንድ ሰው ከመጠጥ በኋላ ታክሲ ተጠራለት። ውጭው ብርድ ስለነበረ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሞተሩን ለሙቀት አስነሣ፣ እንቅልፍ ወሰደው። ታክሲው መጣ፤ ባለታክሲው ከመሪው ኋላ ተኝቶ ሲያየው ፖሊስ ጠራ። ዋስ ሆኖ የተጠራው ከሳሽ ሆነ ማለት ነው! ሰውዬው መጀመሪያ ነጻ ወጣ፣ በይግባኝ ጥፋተኛ ተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መልሶ ነጻ አወጣው። መለኪያው፣ ካለው ሁኔታ የሚመጣ እውነተኛ የአደጋ ስጋት ነበር ወይ የሚል ነው። ታክሲው ያንን ስጋት ዘግቶታል።

ጉዳዩ ለእኛ ሰው የመኪና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዜግነት የሚጠብቅ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በተሰጠ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ውሳኔ መሠረት ጠባዩ በሚመዘንበት ጊዜ ውስጥ ሁለት የዲዩአይ ጥፋተኝነት መልካም ጠባይ እንደሌለው ያስገምታል፤ ተቃራኒውን ማስረዳት የሱ ዕዳ ይሆናል። አንዱ ተኝቶ የተጻፈበት ቢሆንስ?

እኔ ዳኛ ብሆን የኪቤኩን ሰው ሁለት ጊዜ አላመላልሰውም ነበር። የሰርገኛው ይከብደኛል። ዋስ አልጠራም፤ ቁልፉም እንደተሰካ ነው። ቢሆንም ሰክሮ ከነዳ ሰው ጋር ባንድ ስም አልጠራውም። ፖሊሱ ቁልፉን ይውሰድና ታክሲ ይጥራለት፤ መኪናውን በነጋታው መጥቶ ያንሣ። ዲዩአይ ግን አይጻፍበት።