ሚዛኑን ያጣ ሰውና ደጋፊው

ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄደው በእግሩ ኀይል ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን በየጆሮው ውስጥ ሦስት ሦስት ቀለበት መሰል ቦዮች አሉ፤ ራሱን ባዞረ ቍጥር በእነርሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጸጉር መሰል ሕዋሳትን ይነካል፥ ወሬውም በነርቭ ወደ አንጎል ግንድ ይደርሳል። ይህን የመረመረው ሐኪም ሮበርት ባራኒ የ1914 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ቀኙና ግራው እንደ ጥማድ በሬ ናቸው። በሕመም ምክንያት አንደኛው ቢወድቅ ሌላው ብቻውን ይስባል፤ ያን ጊዜ ምድር ትዞራለች፥ ዓይን ይዋዥቃል፥ ሆድም ይገለበጣል። (በአገራችን ለሳንባ ነቀርሳ ሲሰጥ የኖረው ስትሬፕቶማይሲን ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ወገን ስለሚጎዳ ከመዞር ይልቅ መንገዳገድን ያመጣል፤ የእርሱ ነገር ሌላ ነው።)

የሞቱት የጆሮ ሕዋሳት አይነሡም፤ መዞሩ ግን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል። ስለ ምን? በእንስሳት ላይ እንደ ታየው፥ በጉዳቱ ወገን ያሉት የአንጎል ግንድ ሕዋሳት በመጀመሪያ ዝም ይላሉ፤ ጋባ የተባለው ገቺ ቅመምም ይጫናቸዋል። በሰዓቶች ውስጥ ሴ-ፎስ የሚባለው ጂን ይነቃል፤ ሕዋሳቱ ለጋባ ያላቸው ተገዢነት እየቀነሰ ይሄዳል፥ ከጆሮ ወሬ ሳይጠብቁም በራሳቸው መናገር ይጀምራሉ። በአዋቂ ድመቶች ዘንድ አዳዲስ ሕዋሳት ሲወለዱ ታይቷል።

ይህ የመጀመሪያው ሥራ ከሞላ ጐደል በራሱ ይፈጸማል። ራስ ሲዞር ዓይንን ማጽናት ግን በልምምድ የሚገኝ ነው፤ አንጎል ስሕተቱን ካላየ አያርምምና። ጥያቄያችንም እዚህ ላይ ነው።

በመርጡለ ማርያም፥ እቴጌ እሌኒ ካሠራችው ጥንታዊ ሕንፃ ፍራሽ አጠገብ፥ መቋሚያ ይዘው የሚዘምሙ አንድ መሪጌታ ይህ ሕመም ደረሰባቸው እንበል። ደቀ መዛሙርታቸው ክንዳቸውን ይይዛሉ፥ ያስተኟቸዋል፥ ውሃ እንኳ ከመኝታቸው ያቀርባሉ። እኛም ብንሆን እንዲሁ እናደርግ ነበር፤ መምህር ሲንገዳገዱ ቆሞ ማየት በአገራችን ነውር ነውና። ነገር ግን መኝታው ሲረዝም፥ ማዞርን የሚያደነዝዘውም መድኃኒት ሲበዛ፥ መዳኑ ይዘገያል። አክብሮታችን ሕመማቸውን ያስረዝመዋል ማለት ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ይሂዱ ብለን ብንለቃቸውና ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር ኀላፊው ማን ነው?

እኛ እንደሚመስለን፥ ምን ያህል አደጋ መቀበል እንዳለባቸው የሚወስኑት እርሳቸው እንጂ ደጋፊዎቻቸው አይደሉም። መቋሚያቸውን ሰጥቶ በአንድ እርምጃ ርቀት ከኋላ መከተል፥ ክንድ ከመያዝ ይልቅ ይከብዳል። ሆኖም ሌሊት ለሰዓታት ሲነሡ፥ በጨለማ ዓይናቸው ሊረዳቸው በማይችልበት በድንጋዩ ደረጃ ላይ፥ ቢቈጡንም እንኳ እንይዛቸዋለን። ይህን ስንል የቀደመውን ቃላችንን ማፍረሳችንን እናውቃለን።