አሥራ አንደኛው ደቂቃ

«እንዴት ነበር?» አለኝ። ጊታሩን ገና ከትከሻው አላወረደም። ላብ በላብ ሆኗል፤ ዓይኑ ግን ያበራል።

«በጣም ያምራል» አልኩት። ዋሸሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም ሳይርቅ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በሳምንት አንድ ምሽት አንዲት ትንሽ መጠጥ ቤት ውስጥ ይጫወታል። ጃም ባንድ ናቸው፤ ማለትም አንድ ዘፈን ይጀምሩና መሀሉን ከፍተው፣ ወዴት እንደሚሄዱ ራሳቸውም ሳያውቁ እየፈጠሩ ይጓዛሉ። ያን ምሽት የተጫወቱት የግሬትፉል ዴድን «ዳርክ ስታር» ነበር። 24 ደቂቃ ፈጀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቢያንስ አሥሩን ደቂቃ ስልኬን ነው ሳይ የነበረው።

ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ውስጥ አንድ ሐሳብ ያዘኝ። ይሄ ልጅ ሁልጊዜ የሚላት ነገር አለች፦ «ወዲያው በሚፈጠር ሙዚቃ ውስጥ ስህተት የሚባል ነገር የለም።» እሱ እውነቱን ከሆነ እኔም አልዋሸሁም ማለት ነው። መጥፎ መሆን የማይችልን ነገር «ያምራል» ማለት ምን ውሸት አለው? በጣም የምትመች ሐሳብ ናት። ስለተመቸችኝም ጠረጠርኳት።

መጀመሪያ ለእሱ ልከራከርለት። አንድ ዘፋኝ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን መድረክ ላይ ቢያበላሽ ቤቱ ሁሉ ያውቅበታል፤ ዋናው በሁላችንም ጆሮ ውስጥ አለና። «ዳርክ ስታር» ግን ዋናው የቱ ነው? በ1968 በነጠላ ሸክላ ሲወጣ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ገዢም ብዙ አላገኘም። በዓመቱ፣ በየካቲት 1969 መጨረሻ፣ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ፊልሞር ዌስት ሲጫወቱት የተቀዳው ደግሞ 23 ደቂቃ ነው፤ «ላይቭ/ዴድ» በተባለው አልበም ላይ የሸክላውን አንድ ገጽ ብቻውን ይዞታል። ከሁለቱ የጋራ የሆነው አንዲት አጭር የመግቢያ ዜማ፣ ጥቂት ኮርዶችና ሮበርት ሀንተር የጻፈው ግጥም ነው። የቀረው ሜዳ ነው። በሜዳ ላይ መንገድ ሳትክ ተብሎ ማን ይወቀሳል?

ይሄን ይዤ ሳምንቱን ሙሉ የነሐሴ 27፣ 1972ቱን ቅጂ ስሰማ ከረምኩ (ቀኑ በፈረንጅ ነው)። ኦሪገን ውስጥ፣ ቬኔታ በምትባል ቦታ፣ በሚያቃጥል ፀሐይ የተደረገ ኮንሰርት ነው። የደራሲው የኬን ኬሲ ወንድም የነበረውን የወተት ድርጅት ከኪሳራ ለማዳን የተዘጋጀ። «ዳርክ ስታር» እዚያ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ሲያልቅም አያልቅም፤ ከዚያ ሁሉ የሕዋ ጉዞ ወጥተው የማርቲ ሮቢንስን «ኤል ፓሶ» ይጀምራሉ። የካውቦይ ዘፈን! መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሳቄ መጣ። አሁን ሳስበው፣ ከሩቅ አገር ተመልሶ የጎረቤቱን ደጅ እንደሚያንኳኳ ሰው ነው።

እዚያ ውስጥ የሚገርመኝ የጄሪ ጋርሲያ ጣት አይደለም። ፊል ሌሽ ነው። ቤዝ ጊታር ብዙ ጊዜ ወለል ነው፣ ሌላው ይቆምበታል። ሌሽ ግን ወለል መሆን አይፈልግም፤ የራሱን ሐሳብ ይዞ ይገባል፣ ይጠይቃል፣ አንዳንዴም ይቃወማል። ጋርሲያ ደግሞ ይሰማዋል። የጀመረውን ጥሎ ወደ እሱ ሲዞር በጆሮ ይታወቃል። ያን ቀን አንድ ድራመር ብቻ ነበራቸው፤ ቢል ክሮይትስማን ሁለቱንም እየሰማ ሲፈልግ ያነሳል፣ ሲፈልግ ዝም ይላል።

በቃ፣ ይሄ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ስል ሙዚቃ መጫወትን ብቻ አይደለም፣ ቡና ላይ የሚደረገውንም ነው። ቡና ላይ ማንም የተጻፈ ነገር ይዞ አይመጣም። ያም ሆኖ ጨዋታው ያማረበትንና የተበላሸበትን ቀን ሁላችንም እንለያለን። አንዱ የሰው አፍ እየነጠቀ ያንኑ የሺህ ጊዜ ታሪኩን ሲያወራ፣ ሌላዋ የከበዳትን ነገር ልትናገር ጀምራ ሰሚ አጥታ ስትተወው፣ «ስክሪፕት ስለሌለ ስህተት የለም» የሚል የለም። ስህተቱ ካልተጻፈ ነገር ጋር ስላልገጠመ አይደለም። እዚያው የተከፈተ በር ስላለና ማንም ስላልገባበት ነው።

የእነሱን ምሽት ከታዳሚው አንዱ ቀድቶት ነበር። ይሄ በጃም ባንድ ዓለም ነውር አይደለም፤ ግሬትፉል ዴድ እንዲያውም በ1984 ለሚቀዱ ሰዎች የተለየ ቦታ ሰጥቷቸዋል። ቅጂውን አግኝቼ አዳመጥኩ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ቤዚስቱ ድንገት ቀዝቀዝ አለና ሦስት ኖታ ብቻ ያላት፣ ሐዘን ቢጤ ያለባት ነገር ጀመረ። ድራመሩ ወዲያው ሰማው፣ ዝቅ አለለት። ኪቦርዱም ተወ። እኔም በጆሮ ማዳመጫዬ «አሁን! አሁን!» አልኩ። የኔ ሰውዬ ግን ቤቱ የተለማመደውን ፈጣን ሶሎ ይዞ በላያቸው ላይ ጋለበ። ስድስት ደቂቃ ሙሉ። ቤዚስቱ ሦስቱን ኖታ ደጋግሞ አቀረበ፤ በመጨረሻ ተወው።

አራት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። እዚህ ላይ ራሴንም መታዘብ አለብኝ። እሱ ለመወሰን የነበረው የሰከንድ ክፋይ ነው፤ እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ወደ ኋላ እየመለስኩ ነው የምፈርደው። ለተሳተ አንድ ኖታ ቢሆን ይሄ ፍርድ ግፍ ነበር። ስድስት ደቂቃ አለመስማት ግን የሰከንድ ስህተት አይደለም።

ሌላም አለ። መውደቅን ብንቀጣ ማን ይደፍራል? ልክ ነው፣ ግሬትፉል ዴድም አሰልቺ ምሽት ሞልቷቸዋል፤ ይሄን በደንብ የሚነግሯችሁ ደግሞ ራሳቸው ወዳጆቻቸው ናቸው፣ የቱ ዓመት እንደሚሻል ሲጨቃጨቁ ያድራሉ። የኛን ቅኔ ቤት አስቡት። ቅኔ በየጊዜው አዲስ ነው፣ የትናንቱን መድገም አያስመሰግንም፤ ወዲያው መፍጠርም ራሱ «መዝረፍ» የሚል ስም አለው። እዚያ ግን መምህሩ አዲስ ስለሆነ ብቻ «እሰይ» አይልም። ያርማል። ማረሙ ተማሪውን መናቅ አይደለም፣ የሚናገረውን ከልብ መስማት ነው። እኔ ለባልደረባዬ ያንን ነፈግኩት።

ይሉኝታ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። አልሠራም። ላቡ ሳይደርቅ፣ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ከልቡ ጠየቀኝ፤ እኔም ከቤት ተለማምጄ የመጣሁትን ቃል በላዩ ላይ ለቀቅኩበት። «በጣም ያምራል» የኔ ፈጣን ሶሎ ነበረች።

ባለፈው እሑድ ቅጂውን ላክሁለትና «ከ11ኛው ደቂቃ ጀምሮ ቤዙን ብቻ ስማ» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቀን ዝም አለ። ተቀየመኝ ብዬ ሥራ ቦታ በሌላ በር መግባት ጀምሬ ነበር። ማክሰኞ ማታ መልሱ መጣ።

«ያን ቀን በጆሮዬ የማደርገው መስሚያ ላይ የቤዙን ድምፅ ዝቅ አስደርጌው ነበር። ይረብሸኛል ብዬ። ምንም አልሰማሁትም።»

ትንሽ ቆይቶ ሌላ መልእክት ተከተለ፦ «ያኔ ስጠይቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

እስካሁን አልመለስኩለትም።