ዕውቀትና ዕዳ በአንድ ሚዛን



«የተማረ ይግደለኝ» እያለ ያደገ ሕዝብ ትምህርትን በገንዘብ መመዘን ይከብደዋል። ወላጅ ልጁ ስለመረጠው ትምህርት «ስንት ያስገኛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስለዋል። ነገር ግን ያው ሕዝብ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚል ሌላ ብሂልም አለው። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን በእነዚህ በሁለቱ አባባሎች መካከል የቆመ ነው፤ ይኸውም ለትምህርት የሚገባን ዕዳ፣ ከትምህርቱ በኋላ ከሚገኘው ደመወዝ ጋር ማመዛዘን ተገቢ ነውን? ወይስ ይህን ማድረግ ዕውቀትን ማርከስ ነው?

ጥያቄው ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ ነው። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ዕድሜ ሲደርስ ይገጥማቸዋል፤ አገር ቤት ያለ ዘመድም ምክር ይጠየቅበታል። ለምሳሌ ያህል የሥነ ልቡናን ትምህርት እንውሰድ። አርስቶትል ስለ ነፍስ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ከጻፈበት ዘመን ጀምሮ የሰውን ውስጣዊ ሕይወት መመርመር ከክቡራን ጥናቶች አንዱ ሆኖ ኖሯል። በአሜሪካ በየዓመቱ ከ100,000 የሚበልጡ ተማሪዎች በዚህ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ ይህ ዲግሪ ብቻውን የሥነ ልቡና ባለሙያ የመሆን ፈቃድ አያሰጥም። በአብዛኞቹ ግዛቶች ለዚህ ዶክትሬትና በባለሙያ ቁጥጥር ሥር የተፈጸመ ልምምድ ይጠየቃል፤ ለአማካሪነት ፈቃድም በአብዛኛው የማስተርስ ዲግሪ ያስፈልጋል። የአገሪቱ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው አኃዝ፣ የሥነ ልቡና ባለሙያዎች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 92,740 ዶላር ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያላቸው ምሩቃን ከሚጀምሩባቸው ሥራዎች አንዱ የሆነው የማኅበራዊ አገልግሎት ረዳትነት ግን 41,410 ዶላር ነበር። ለዚህ ሥራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዲግሪ የግድ አይደለም።

አሁን ወደ ዕዳው እንመለስ። በወላጆቹ ሥር ያለ ተማሪ በተለመደው የፌዴራል ብድር በአራት ዓመት ውስጥ በራሱ ስም መበደር የሚችለው ቢበዛ 27,000 ዶላር ነው። ይህ ዕዳ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን በተወሰነው በ6.39 በመቶ ወለድ ታስቦ በ10 ዓመት ይከፈል ቢባል፣ በየወሩ 305 ዶላር ያህል፣ በጠቅላላውም 36,600 ዶላር ያህል ይሆናል። በ41,410 ዶላር ደመወዝ የወሩ ገቢ ግብር ሳይቀነስ 3,450 ዶላር ገደማ ነውና፣ ከየአሥራ አንዱ ዶላር አንዱ ለዕዳ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ቢከብድም የሚቻል ሸክም ነው። የትምህርት ቤቱ ክፍያ ከዚህ ሲያልፍ ግን ቀሪውን ወላጅ በስሙ ይበደራል፤ ወይም ተማሪው ከግል አበዳሪ ይወስዳል። ዕዳው 80,000 ዶላር ቢደርስ በዚያው ስሌት የወሩ ክፍያ ከ900 ዶላር ያልፋል፤ ከገቢው ከሩብ በላይ መሆኑ ነው። ዲግሪው ግን ያው ዲግሪ ነው። የአሜሪካ ሕግም ከሌላው ዕዳ ለይቶ፣ የትምህርት ብድር በኪሣራ ምክንያት እንዲሰረዝ ማድረግን እጅግ አስቸጋሪ አድርጎታል።

በዚህ ነገር ሁለት ስሕተቶች ሲፈጸሙ እናያለን። የመጀመሪያው «ሥነ ልቡና እንጀራ አይሆንም» ብሎ ልጅን ወደማይወደው ሙያ መግፋት ነው። ይህ አስተሳሰብ ደመወዝን የሁሉ ነገር መለኪያ ያደርጋል፤ ያዘነውን ሰው ማዳመጥና መረዳት የሚችል ሰው ለማኅበረሰቡ የሚሰጠውን ጥቅም ከቁጥር አያስገባም። ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ «የወደድኸውን ተማር፣ ገንዘቡ በኋላ ይመጣል» ማለት ነው። ይህ አነጋገር ለጆሮ ይጥማል፤ ዳሩ ግን የሚናገረው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የሆነው ወጣት የሚፈርመው በሠላሳ ዓመቱ ስለሚኖረው ሕይወት ነው፤ ያንን ሕይወት ግን ገና አላየውም።

ታዲያ በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው ምንድን ነው? የዕውቀቱ ክብር አይደለም፤ እርሱ በዶላር አይመዘንም። የሚመዘነው የተመራቂው ነጻነት ነው። አንዲት ልጅ የተጨነቁትን ለመርዳት ብላ ሥነ ልቡናን ትመርጣለች እንበል። ከተመረቀች በኋላ ወሩ በገባ ቁጥር የሚጠብቃት ዕዳ ከባድ ከሆነ፣ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈልበትን ያንኑ የርዳታ ሥራ ትታ ወደሌላ ትሄዳለች፤ ፈቃድ የሚያሰጣትን የማስተርስ ትምህርትም ታዘገያለች። ለጥሪዋ ብላ የገባችው ዕዳ ከጥሪዋ ያርቃታል ማለት ነው። ስለዚህ ዕዳን በጥንቃቄ መመዘን ለዕውቀት ጠላት መሆን ሳይሆን ዕውቀቱ ለታለመለት ዓላማ እንዲውል መጠበቅ ነው።

መንገዱም አንድ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በማኅበረሰብ ኮሌጅ ተምሮ ወደ ግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መሸጋገር ብዙ ጊዜ ወጪውን በእጅጉ ያቃልላል። የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴርም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየኮሌጁን የዕዳና የገቢ መረጃ ለሕዝብ ማቅረብ በመጀመሩ፣ ቤተሰብ ከመፈረሙ በፊት አይቶ መወሰን ይችላል።

ወጣቶችን የምታስተምሩና የምትመክሩ ሁሉ፣ ምክር ፈልጎ የመጣውን ልጅ «ምን ትማራለህ?» ብላችሁ ብቻ አታሰናብቱት። ይህ ዲግሪ ብቻውን የትኛውን ሥራ ይከፍታል? ቀጥሎ ስንት ዓመት ትምህርት ይጠይቃል? ዕዳውን ማን፣ በየወሩስ ስንት ይከፍላል? ብላችሁ አብራችሁት አስሉ። ከዚያ በኋላ ልጁ ሥነ ልቡናን ቢመርጥ ምርጫው በእውነት የራሱ ነው። እውነቱን ሳይነግሩት ማበረታታት ግን፣ ደግ ቢመስልም፣ በሰው ትከሻ ላይ ሸክም መጫን ነው።