ስለ ታመመ ዓሣና ስለ ጌታው ዕዳ

ሰው ለደካማ የሚያደርገው በጎ ሥራ ሁሉ ምጽዋት እየተባለ ይጠራል። ነገሩን አጥብቆ ለሚመረምር ሰው ግን ምጽዋትና ዕዳ ሁለት ናቸው። ምጽዋት ሰጪው ቢተወው በሸንጎ የማይከሰስበት፥ ቢሰጠው ግን የሚመሰገንበት ነው፤ ዕዳ ግን ቢከፍሉት ምስጋና የለውም፥ ባይከፍሉት ወቀሳ አለበት። እንግዲህ ሰው ለደስታው ብሎ በቤቱ ያኖረው አንድ ትንሽ ዓሣ ቢታመም፥ ማስታመሙ ከሁለቱ ከየትኛው ይቈጠራል? ወይስ ከሁለቱም ወጥቶ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው? ጥያቄው ለሚሰማው ሣቅ ያመጣ ይሆናል፤ ነገር ግን ወርቅ በትንሽ ሚዛን እንደሚመዘን፥ የሰውም ፍርድ በትንሽ ነገር ይመዘናል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ቤታ የሚባለው ዓሣ ነው። አገሩ ቀድሞ ሲያም ትባል የነበረችው ታይላንድ ናት፤ በዚያም በሩዝ እርሻና በረግረግ፥ ጥልቀት በሌለው ውኃ ይኖራል። ርዝመቱ ከሰው ጣት አይበልጥም። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው የማይቻቻሉ ስለ ሆኑ፥ የአገሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ እያዋጉ በገንዘብ ሲወራረዱባቸው ኖረዋል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. ቻርልስ ቴት ሬገን የተባለው እንግሊዛዊ የዓሣ ሊቅ ቤታ ስፕሌንደንስ ብሎ ሰየመው፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን ቋንቋ አንጸባራቂ ማለት ነው። በዚያው አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. የታይላንድ መንግሥት ይህ ዓሣ የአገሪቱ የውኃ እንስሳ ምልክት እንዲሆን ወሰነ።

ይህ ዓሣ ከብዙዎቹ ዓሦች የሚለይበት አንድ ነገር አለ። በራሱ ውስጥ ልዩ የመተንፈሻ ክፍል ስላለው፥ ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ እንደ ምድር እንስሳ አየር ይስባል፤ በዚህም ምክንያት ሌላው ዓሣ በሚሞትበት በታፈነ ውኃ ሊቈይ ይችላል። ነገር ግን ይህ ጸጋው መከራ ሆነበት። ሻጮች በጠባብ ብርጭቆ እየከተቱ ይደረድሩታል፤ ገዢውም አለመሞቱን አይቶ ስፍራው የተስማማው ይመስለዋል። መታገሡ እንደ መመቸት ተቈጠረበት። እንዲህ ያለው ስሕተት በዓሣ ላይ ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ዝም ብሎ የሚሠራ አገልጋይም፥ ሳያጕረመርም የሚራብ ጎረቤትም እንዲሁ ይፈረድባቸዋል። ካልጮኸ አልታመመም የሚል ፍርድ የፈራጁን ስንፍና እንጂ የታማሚውን ጤንነት አያስረዳም።

አሁን አንድ ሰው እንዲህ ያለውን ዓሣ ገዝቶ፥ በብርጭቆ ዕቃ አድርጎ በጠረጴዛው ላይ አኖረው እንበል። አንድ ቀን ጧት ቢያየው ክንፎቹን ወደ ገላው አጣብቆ፥ ቀለሙም ደብዝዞ ከዕቃው ወለል ላይ ተኝቷል፤ አየር ለመሳብ ብቻ በጭንቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ምግብ ቢጥልለትም አይቀርብም። ውኃው ለዓይን የጠራ ስለ ሆነ ሰውየው ምን ጐደለበት ብሎ ይገረማል። መርዙ ግን አይታይም። ከዓሣው ከሚወጣው እድፍና ተርፎ ከሚበሰብሰው ምግብ አሞኒያ የሚባል ነገር ይወለዳል፤ ይህም የዓሣውን መተንፈሻ ያቃጥላል። በረግረጉ ውኃው ብዙ ስለ ሆነ ያቀጥነዋል፤ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችም አስቀድመው ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ በተሞላ ጠባብ ዕቃ ግን እነዚህ ረቂቃን ሠራተኞች ገና አልሰፈሩም፤ ለመስፈርም ሳምንታት ያስፈልጓቸዋል።

የነገሩ መሠረት ከዚህ ላይ ነው። በረግረግ ያለ ዓሣ ውኃው ቢከፋበት ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል፤ ቢበርደው ፀሐይ ወዳሞቀው ዳርቻ ይጠጋል፤ ዝናም ሲዘንም ውኃው ይታደስለታል። በብርጭቆ ለተዘጋው ግን ወንዙም ዝናሙም ፀሐዩም የጌታው እጅ ብቻ ነው። ሰውየው ዓሣውን በዘጋበት ቀን ምግቡን የመፈለግና ከክፉ የመሸሽ ችሎታውን ወሰደበት፤ የወሰደውንም ችሎታ ስለ ዓሣው ሆኖ ሊሠራበት ግዴታ ገባ። በሩን ዘግቶ ቍልፉን የያዘ ሰው እስረኛውን ለምን አልወጣህም ብሎ ሊወቅስ አይችልም። ስለዚህ ማስታመሙ ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ ነው።

ይህን የሚቃወም ሰው፥ ዓሣው በጥቂት ገንዘብ የተገዛ ነው፤ መድኃኒቱ ከዋጋው ይበልጣል፤ ቢሞት ሌላ መግዛት ይሻላል ይል ይሆናል። ነገር ግን ዋጋው የተከፈለው ለሻጩ ነው፤ ለዓሣው የተከፈለው ምንም የለም። ከሻጩ ጋር ያለው ሒሳብ በገበያ ተዘጋ፤ ከዓሣው ጋር ያለው ሒሳብ ግን የዚያን ቀን ተከፈተ። ሰሎሞንም በምሳሌ መጽሐፉ ለእንስሳ ነፍስ መራራትን ከጻድቅ ሰው ጠባይ ሲቈጥረው፥ እንስሳው ስንት እንደሚያወጣ አልጠየቀም።

ከዚህ የሚከብደው ሁለተኛው ተቃውሞ ነው። ሰው በደጅ ተርቦ ሳለ ለዓሣ መጨነቅ ምን ይባላል? በእውነት ስለ ዓሣ ሰውን የሚረሳ ሰው ሥርዓተ ፍቅርን አፋልሷል፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን ውኃ መለወጥ ከድኻው እንጀራ አያጐድልም፤ የሚወስደው ከጌታው ዕረፍት ጥቂት ጊዜ ነው። ወጪው የድኻውን ድርሻ እንዳይነካ የሚሠጋ ሰውም ሊያስብበት የሚገባው ከመግዛቱ በፊት ነበር፤ ቍጠባ በግዢ ቀን እንጂ በሕመም ቀን አይጀመርም። ደግሞም በብርጭቆ ያለውን ዓሣ ስለ ድኻው ብሎ የተወ ሰው፥ ያተረፈውን ለድኻው ሰጥቶ እንደ ሆነ ኅሊናው ይጠይቀው።

ይሁን እንጂ ዕዳ መሆኑን ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ዕዳም በማስተዋል ካልተከፈለ ያጠፋል። ብዙ ሰው ዓሣው ታሞ ባየ ጊዜ ደንግጦ ውኃውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ይደፋል፤ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ባንድነት ያፈስሳል፤ ይበረታ ብሎም ምግብ ያበዛል። ይህ ሁሉ የደከመውን ዓሣ ይጨርሰዋል። የመጀመሪያው መድኃኒት ንጹሕ ውኃ ነው፤ እርሱም በልክ ነው። ከውኃው ከሩብ እስከ እኩሌታ ቀድቶ፥ ሙቀቱ በተመሳሰለ ውኃ መተካት ይገባል፤ የቧንቧው ውኃ ክሎሪን ካለበት አስቀድሞ በማርከሻ ማከም ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ይጠበቃል፤ የተረፈው ምግብ ይወጣል፤ ዕቃው ጸጥ ባለ ስፍራ ይቀመጣል። ጫፉ የተበላ ክንፍ ብዙ ጊዜ በንጹሕ ውኃ ብቻ ተመልሶ ያድጋል። መድኃኒት የሚጨመረው ደዌው ከታወቀ በኋላ ነው፤ የሚያስታምመውም ሰው በእያንዳንዱ ሥራው ላይ፥ ይህን የማደርገው ለዓሣው ነው ወይስ ጭንቀቴን ለማብረድ ነው ብሎ ራሱን ይጠይቅ። በሰው በሽተኛ አልጋ አጠገብም ይህ ጥያቄ የሚያስፈልጋቸው ብዙዎች ናቸው።

ማስታመም ሁሉ በመዳን አይፈጸምም። ሆዱ ተነፍቶ ቅርፊቱ የቆመ ዓሣ የሚተርፈው ጥቂት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የዓሣ ሐኪሞች ሥቃዩን ለማሳጠር በቅርንፉድ ዘይት አደንዝዘው እንዲያርፍ ያደርጋሉ። ይህን የሚያስብ ሰው ግን ከሁለቱ የደከመው የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመርምር፤ የዓሣው ሥቃይ ከሆነ ምሕረት ሊባል ይችላል፤ የጠባቂው መሰልቸት ከሆነ ግን በምሕረት ስም የተሸፈነ መሸሽ ነው። በሕይወቱ ሳለ ወደ ወንዝ መጣሉም ነፃ ማውጣት አይደለም፤ እርሱ በእንግዳ ውኃ ይጠፋል፥ ደዌውም ወደ አገሩ ዓሦች ሊተላለፍ ይችላል።

እንግዲህ በሌሊት በብርጭቆው አጠገብ የተቀመጠውን ሰው ማሰብ ነው። የሚያየው የለም። ዓሣው ቢድን አያመሰግነውም፤ ቢሞትም አይከስሰውም፤ ነገ ጧት ለባልንጀሮቹ ቢነግራቸው ይሥቁበታል። በሰው ፊት የሚከፈል ዕዳ ከፍርሃትና ከይሉኝታ ጋር የተቀላቀለ ስለ ሆነ፥ ከፋዩ ጻድቅ ይሁን ፈሪ ለመለየት ያስቸግራል። ዳኛም ምስክርም የሌለበት ይህ ትንሽ ዕዳ ግን የሰውየውን ልብ ለራሱ ይገልጥለታል። ውኃውን በልክ ለውጦ፥ ሙቀቱን አይቶ፥ መብራቱን ዝቅ አድርጎ የተኛ እንደ ሆነ፥ ዓሣው ቢሞትም እንኳ ዕዳው ተከፍሏል፤ ሳያየው አልፎ የተኛ እንደ ሆነ ግን፥ ዓሣው በዕድሉ ቢድንም ዕዳው በእርሱ ላይ ይኖራል።