ጎረቤትና ደጃፍ፤ ልብ ወለድ ታሪክ ስለ ሰፈር መለዋወጥ የሚመሰክረው

ሰው ዘመዱን አይመርጥም፤ ጎረቤቱንም ብዙ ጊዜ አይመርጥም። ከዘመዱ ጋራ ደም ያስተሳስረዋል፤ ከጎረቤቱ ጋራ ግን የሚያስተሳስረው ግድግዳና አጥር፥ የእሳት ፍምና የቡና ስኒ ነው። ስለዚህም አባቶች ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ብለው ተናገሩ። ይህ ቃል እውነት የሚሆነው ግን ጎረቤት ጎረቤቱን እንደ ሰው የተቀበለው እንደ ሆነ ነው። አንዱ ሌላውን በመልኩ ወይም በድኽነቱ ምክንያት ከሰፈር የሚያስወጣው ሲሆን፥ ቅርብነት የፍቅር መነሻ መሆኑ ቀርቶ የጠብ መነሻ ይሆናል።

በዚህ ነገር ሕግ ይፈርዳል፤ የከተማ ሹምም ይደነግጋል። ታዲያ ያልተደረገውን እንደ ተደረገ አድርጎ የሚተርክ የልብ ወለድ ጸሐፊ በጎረቤቶች መካከል ገብቶ ምን ይጠቅማል? አንዳንዶች ቍስል ይነካካል እንጂ አያድንም ይላሉ። መልሱን ለማግኘት በአሜሪቃ አገር የተጻፉትን ሦስት ድርሰቶች መመርመር ይገባል፤ ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በሺካጎ ከተማ ነጮች ባለቤቶች ቤታቸውን ለጥቍር ሰው እንዳይሸጡና እንዳያከራዩ እርስ በርሳቸው ውል ይዋዋሉ ነበር። በ1937 ካርል ሃንስቤሪ የሚባል ጥቍር ነጋዴ እንዲህ ያለ ውል ባለበት ሰፈር ቤት ገዛ። ሕዝብ ተሰብስቦ ቤቱን ከበበ፤ በመስኮት የተወረወረውም ድንጋይ ታናሽ ልጁን ሎሬንን ለጥቂት ሳታት። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 ሃንስቤሪ ረታ። ዳኞቹ ግን የፈረዱለት በቀድሞው ክርክር ያልነበረ ሰው በዚያ ፍርድ አይታሰርም ብለው ነው እንጂ፥ ውሉ ራሱ ግፍ ነው ብለው አይደለም። ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል እንዳያስፈጽሙ የተከለከሉት በ1948 ነው፤ በቤት ሽያጭና በኪራይ ሰውን በዘሩ መለየትን የከለከለው የአገር ሕግም በ1968 ወጣ። አባትዮው ሁለቱንም ሳያይ በ1946 ሞተ።

ሕጉ ሳይናገር የቀረውን ልጂቱ አድጋ ተናገረችው። ሎሬን ሃንስቤሪ «ዘቢብ በፀሐይ» ብላ የሰየመችው ቴያትር በ1959 በኒው ዮርክ ታየ። በዚያ ታሪክ አንዲት እናት ከባላቸው ሞት በኋላ ከመድን ድርጅት ካገኙት 10,000 ዶላር ከፍለው በነጮች ሰፈር ቤት ይገዛሉ። የሰፈሩም ሰዎች መልእክተኛ ይልካሉ። መልእክተኛው አይጮኽም፥ አይሳደብም፤ ባርኔጣውን ይዞ በትሕትና ተቀምጦ፥ ሰው ሁሉ ከወገኑ ጋራ ቢኖር ደስ ይለዋል እያለ፥ ቤቱን ከተገዛበት ዋጋ በላይ እንግዛችሁ ይላቸዋል። የሴትዮዋ ልጅ የቀረውን ገንዘብ በአታላይ እጅ አስበልቶ ነበርና፥ ገንዘቡን ሊቀበል ይቈርጣል። በመጨረሻው ግን ትንሹ ልጁ በፊቱ ቆሞ ሲያየው እንቢ ይላል።

ንጉሥ አክዓብም ከቤቱ አጠገብ የነበረውን የናቡቴን ወይን በፈለገ ጊዜ፥ በመጀመሪያ ያቀረበው ሰይፍ ሳይሆን ዋጋ ነበር። ደራሲዪቱ ይህንኑ ምሥጢር ገልጣለች። ክፋት በጨዋነት ተሸፍኖ ደጃፍ ሲመጣ ዳኛ ሊይዘው አይችልም፤ ተመልካች ግን ያውቀዋል። በቅኔ ቤት ቋንቋ የተናገሩት እንደ ሆነ፥ የዚህ ታሪክ ሰሙ የቤት ዋጋ ነው፤ ወርቁም የሰው ዋጋ ነው።

ከ50 ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ብሩስ ኖሪስ የሚባል ነጭ ደራሲ በ2010 ባሳየው «ክላይቦርን ፓርክ» በሚባለው ቴያትር ያንኑ ቤት መልሶ አመጣው። በመጀመሪያው ክፍል በ1959 ቤቱን የሚሸጡት ነጮች ይታያሉ፤ በሁለተኛው ክፍል በ2009 ሰፈሩ የጥቍሮች ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎ፥ ነጮች ባልና ሚስት ቤቱን አፍርሰው ትልቅ ቤት ሊሠሩበት ይመጣሉ። ክርክራቸው ስለ ቤቱ ከፍታ ይመስላል፤ ጥቂት ቈይቶ ግን የታመቀው ጥላቻ በቀልድ ስም ከአፋቸው ይወጣል። ይህ ድርሰት በ2011 የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ፤ ነገር ግን ነቀፌታ አልጠፋበትም። ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ፍትሕ ይመስላል፤ ዳሩ ግን አንዱ ወገን በውል ተዘግቶበት የኖረ፥ ሌላው ዘጊ የነበረ ሲሆን፥ ሚዛኑ ከመጀመሪያው ያዘነበለ ነው። የልብ ወለድ ጸሐፊ ሁሉን እኩል በማሳቅ ሁሉን ነጻ ሊያወጣ ይችላልና፥ አንባቢ ከዚህ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው መጽሐፍ ለኢትዮጵያ ሰው ቅርብ ነው። በአዲስ አበባ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪቃ የሄደው ዲናው መንግሥቱ፥ «ሰማይ የተሸከማቸው ውብ ነገሮች» የሚለውን ታሪክ በ2007 አሳተመ። ሴፋ እስጢፋኖስ የሚባል ስደተኛ፥ በአብዮቱ ዘመን ወታደሮች አባቱን የወሰዱበት፥ በዋሽንግተን ከተማ በሎጋን አደባባይ ትንሽ ሱቅ ይዞ ይኖራል። ሰፈሩ የድኾች ጥቍሮች ሰፈር ነው። ጁዲት የምትባል ነጭ መምህርት ከጥቍር አባት ከወለደቻት ልጇ ጋራ መጥታ የፈራረሰውን ቤት አድሳ ትገባበታለች። ልጂቱ በሱቁ ተቀምጣ ከሴፋ ጋራ መጽሐፍ ታነባለች፤ ሴፋም ልቡ ወደ እናቲቱ ያዘነብላል። በዚያው ወራት ኪራይ ይወደዳል፤ ነባሮቹም ከቤታቸው ይወጣሉ፤ ጡብ ይወረወራል፤ በመጨረሻም የጁዲት ቤት ይቃጠላል።

በዚህ ታሪክ በመልካም ሐሳብ ያልጀመረ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። ሴትዮዋ ማንንም አልጠላችም፤ በገንዘቧ ቤት ገዝታ አደሰች እንጂ። ከቤቱ የወጣው ድኻም በእውነት ተበድሏል። ነገር ግን ግፉን የሠራው አንድ እጅ አይደለም፤ ገዢው፥ ሻጩ፥ አከራዩና የከተማው አስተዳደር እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ሠርተው ታላቅ ግፍ ተፈጸመ። በዋሽንግተን በ1970 ቈጠራ ከመቶው ነዋሪ 71 ያህሉ ጥቍሮች ነበሩ፤ በ2020 ግን 41 ያህል ሆኑ። ቍጥሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ቍጥር ደጃፍ የለውም። ተበዳዩም እሳት በለኮሰ ጊዜ በደሉን አይክስበትም፤ ሕፃን የምታነብበትን ቤት ያቃጥላል እንጂ። ሴፋም በመካከል ቆሞ ይቀራል፤ በመልኩ ከነባሮቹ፥ በተስፋው ከአዲሶቹ ነውና፥ ለአንዱም ሙሉ ጎረቤት ሊሆን አልቻለም። ስደተኛ ዝም ብሎ መኖርን እንደ ንጽሕና ይቈጥረዋል፤ መጽሐፉ ግን ዝምታም ከወገን መቆም እንደሚቈጠር ያሳያል።

እንግዲህ ልብ ወለድ ኪራይ አይቀንስም፥ ውልም አያፈርስም፤ ይህ የሕግ ሥራ ነው። ሕግ የማይችለውን ግን ይሠራል፤ ሰው ከመፍረዱ በፊት በሁለቱም ደጃፍ ተቀምጦ እንዲሰማ ያደርገዋል። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት በመጣ ጊዜ በቀጥታ ቢከሰው ኖሮ፥ ንጉሡ መከላከያ ባላጣ ነበር። ስለ አንድ ባለጠጋና ስለ አንድ ድኻ በግ ምሳሌ በነገረው ጊዜ ግን ንጉሡ ተቈጥቶ ቅን ፍርድ ፈረደ፤ የታሪኩ ባለጠጋ ራሱ መሆኑን የሰማው ከፈረደ በኋላ ነው። በቴያትር ቤት ለተባረሩት አልቅሶ ሲያበቃ በማግሥቱ የጎረቤቱን ቤት በርካሽ ለመግዛት የሚደራደር ሰው ግን ምሳሌውን እስከ መጨረሻው አልሰማም። ስለዚህ አንባቢ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ፥ በእርሱ ሰፈር ወጪው ማን እንደ ሆነና ገቢው ማን እንደ ሆነ ይጠይቅ።