የተቆረጡት ጣቶች ባለዕዳ ማን ነው?



ለጥምቀት በዓል ወደ መካነ ሰላም በሄድሁ ጊዜ አብሮ አደጌን አገኘሁት። ከልጅነታችን ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ከበሮ የሚመታው እርሱ ነበር። ዘንድሮ ግን ከበሮው በሌላ ልጅ አንገት ላይ ነበረ፤ እርሱ ቀኝ እጁን በነጠላው ሸፍኖ ከዳር ቆሞ ይዘምራል። ከሁለት ዓመት በፊት ከአገራችን ርቆ በሚገኝ አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ በማሽን ሠራተኛነት ተቀጥሮ ነበር። ሁለት ጣቶቹ የቀሩት እዚያ ነው።

እንዴት እንደ ደረሰበት ከነገረኝ በኋላ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ዝም አለ። ይህ ቃል ዕረፍት ስለ ነሣኝ ከእናንተ ጋር ልመረምረው ወደድሁ። ለመሆኑ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነውን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ይሠራበት የነበረው ማሽን ፕሬስ ይባላል። ላሜራው ከማሽኑ መደብ ላይ ሲቀመጥ ከላይ የሚወርደው ከባድ ብረት በአንድ ምት ይበሳዋል። ማሽኑ ሁለት ቁልፎች አሉት፤ ሁለቱም በሁለት እጅ ባንድ ጊዜ ካልተጫኑ ብረቱ አይወርድም። ሁለቱም እጆች ቁልፍ ላይ ከሆኑ ከብረቱ ሥር የሚቀር እጅ አይኖርምና። ነገር ግን ክፍያው በተሠራው ዕቃ ቁጥር ስለ ነበረ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሠራተኞች አንዱን ቁልፍ እንደ ተጫነ እንዲቆይ በሽቦ አስረውት ነበር። በቀኝ እጅ ላሜራ እያቀረቡ በግራው ሲጫኑ ሥራው ይፈጥናል። እርሱም ሽቦው በላላ ጊዜ በገዛ እጁ አጠበቀው። የፈረቃው አለቃ ሽቦውን ያያል፤ ዝም ብሎ ያልፋል፤ በመጨረሻ ቁጥሩን አይቶ «ጎበዝ!» ይላል። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሲያዳፋው ግራ እጁ ቀኝ እጁን ቀደመች።

እንግዲህ «ሽቦውን ያጠበቀው ራሱ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ሠራተኛውም የአደጋ መከላከያውን እንዳያነሣና እንዳያበላሽ ይከለክላል። አብሮ አደጌ አዋቂ ሰው ስለ ሆነ ከኃላፊነቱ ነጻ ላወጣው አልችልም፤ ያን ባደርግ እንደ ሕፃን መቁጠሬ ነው። ሆኖም ክፍያውን በቁጥር የወሰነው፣ ሽቦውን አይቶ ያለፈው፣ በዚያ ፍጥነት ያተረፈው ሁሉ ድርሻ አለው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣሪያው መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ካላደረገና ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናል። ልብ በሉ፤ የወደቀው ሰው ጥንቁቅ ይሁን ዝንጉ ሕጉ አይጠይቅም። ሰው እንደሚደክምና እንደሚዘነጋ አስቀድሞ ስለሚያውቅ መከታውን ከባለቤቱ ይፈልጋል።

አለቃውን ብቻ ወቅሼ እንዳላልፍ ግን ኅሊናዬ ከለከለኝ፤ ያ አይቶ የሚያልፍ ዐይን በእኛም ቤት አለና። በልጅነቴ በቦረና ደጋ ማረሻ ለማስቀጥቀጥ ከሚሄዱ ታላላቆቼ ጋር ወደ ቀጥቃጩ ቤት እሄድ ነበር። ወናፉ ሲነፋ፣ የጋለው ብረት በመስፉ ላይ ሲቀጠቀጥ በመደነቅ አይ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቤት ውኃ እንኳ እንዳልጠጣ ተነግሮኛል፤ ቡዳ ነው ይባላልና። በእርሱ ማረሻ የታረሰውን እህል ግን ዓመቱን ሙሉ በላን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ እስከ እኔ ዘመን ደረሰ። ከእኛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በመቅደላ አምባ ላይም የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል ዛሬም ይገኛል። በጋፋት ቀልጦ የተሠራው ይህ 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በብዙ ሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። የመድፉን ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ ከጎተቱት መካከል አንዱን እንኳ በስሙ የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?

መጽሐፈ ሲራክ ስለ ብረት ሠሪ ሲናገር ከመስፉ አጠገብ መቀመጡንና ለሥራው መትጋቱን ያነሣል፤ የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን እንደሚያከሳውም አይዘነጋም። እኛ የጎደለን ይህ ነው። ቀጥቃጩን የናቀ ዐይንና ሽቦውን አይቶ ያለፈ ዐይን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የእጁን ሥራ ይፈልጋሉ፤ የእጁን ባለቤት ግን አያዩም። ስለዚህ «ሥራ ክቡር ነው» ብሎ መናገር አይበቃም። ሠራተኛን ማክበር ማለት በሁለት እጁ የገባ በሁለት እጁ እንዲወጣ መትጋት ነው።

ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ ወይም የፈረቃ አለቃ የሚሆን ይኖራል። እርሱ «ስንት ተሠራ?» ከማለቱ በፊት «መከላከያው በቦታው ነውን?» ብሎ ይጠይቅ። ወደ ፋብሪካ የሚሄድ ወንድማችንም የታሰረ ሽቦ ሲያይ ብቻውን ቢፈታው እንጀራውን ሊያጣ ይችላልና ከባልደረቦቹ ጋር ተማክሮ ይፍታው።

እኔም ንስሐ የምገባበት አለኝ። አብሮ አደጌን መጀመሪያ የጠየቅሁት «ስንት ካሣ ሰጡህ?» ብዬ ነበር። እንደ አለቃው እኔም ቁጥር ጠየቅሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲለኝም የምመልሰው ጠፍቶኝ ተለያየን። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው፤ ወንድሜ ሆይ፣ ያንተ ብቻ አይደለም።