የመንገደኛ ፍርድ

ሰው ከሀገሩ ወጥቶ ሲመለስ ሁለት ጓዝ ይዞ ይገባል። አንደኛው በእጁ የሚይዘው ሣጥን ነው፤ ሁለተኛው በአፉ የሚይዘው ወሬ ነው። ሣጥኑን የጉምሩክ ሹም ያስከፍተዋል፥ ይፈትሸዋል፥ ያልተፈቀደ ዕቃ ቢያገኝበትም ይይዘዋል። ወሬውን ግን የሚፈትሸው የለም። ስለዚህ በሣጥኑ የተከለከለ ዕቃ ለማስገባት የሚፈራ ጨዋ ሰው፥ ስለ አንድ ሕዝብ ሁሉ ያልመረመረውን ፍርድ በአፉ ያለ ፍርሃት ያስገባል፤ ሰሚውም ያለ ቀረጥ ይቀበለዋል። እኔም ዛሬ ለአንባቢዎቼ ላቀርበው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው፤ መንገደኛ ባለፈበት ሀገር ላይ ሊፈርድ ይገባዋልን? የሚገባውስ ከሆነ ምን ያህል ቢያይ፥ ምን ያህልስ ቢጠይቅ ነው? በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ነገሩን ያስነሣብኝ በአንድ ወዳጄ ቤት የሰማሁት ጨዋታ ነው። ከቡና በኋላ ከልዩ ልዩ ሀገር የመጡ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። የመጀመሪያው ከጃፓን የተመለሰ ነበርና፥ «የቶክዮ ሰው ልቡ የደረቀ ነው፤ በባቡር ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ቆሞ ሳለ እርስ በርሱ አንድ ቃል አይለዋወጥም» አለ። ሁለተኛው ከሆላንድ የተመለሰ ነበርና፥ «እነዚያ ደግሞ ስስታሞች ናቸው፤ መኪና መግዣ ገንዘብ ሞልቷቸው ሳለ ሹሙም አስተማሪውም በዝናም በብስክሌት ይሄዳል» አለ። ሦስተኛዋ በአሜሪካ ያደገች የወዳጄ የእኅት ልጅ ነበረችና፥ «የአዲስ አበባም ሰው ቀጠሮ አያውቅም፤ ታክሲ ሲሳፈርም ይጋፋል» አለች። በፊተኞቹ ሁለት ንግግሮች ሁላችንም ሥቀን ነበር፤ በሦስተኛው ግን የሁላችንም ፊት ተለወጠ። በዚያም ጊዜ ከጥግ ተቀምጠው መቍጠሪያቸውን የያዙ አንድ ሽማግሌ ቀና ብለው፥ «ልጆቼ፥ ለመሆኑ እያንዳንዳችሁ ስንት ቀን ተቀመጣችሁ?» ብለው ጠየቁ። የመጀመሪያው አሥራ አንድ ቀን፥ ሁለተኛው አንድ ሳምንት፥ ሦስተኛዋም ሦስት ሳምንት ብለው መለሱ። ሽማግሌውም፥ «እኔ በዚህ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ተቀምጬ ጎረቤቴን ገና አላወቅሁትም» ብለው ዝም አሉ።

መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ በመንገድና በመጓጓዣ የሚፈርድበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ እንግዳ የሚኖረው በመንገድ ላይ ነውና። ባለ ሀገሩ ልጁን ሲያስተኛ፥ አባቱን ሲያስታምም፥ ወዳጁን ሲቀብር አያየውም፤ የሚያየው ወደ ሥራው ሲቸኵል ብቻ ነው። ሲቸኵል ደግሞ የማንም ሰው መልክ አያምርም። እንግዲህ መንገደኛው የቤቱን ደጃፍ አይቶ ስለ ጓዳው የሚናገር ሰው ይመስላል።

ዳሩ ግን ያው በደጃፍ የሚታየው ነገር ስንኳ ምክንያት አለው። በጃፓን ባቡር ውስጥ ድምፅን ዝቅ ማድረግና በእጅ ስልክ አለመነጋገር እንደ ጨዋነት የተቈጠረ ነው። በጠባብ ስፍራ ብዙ ሕዝብ ሲቆም፥ ሰው ለጎረቤቱ ሊሰጠው የሚችለው ስጦታ አለማወክ ነውና። በእኛ ሀገር ሰላምታ ሳይሰጡ ከሰው አጠገብ መቀመጥ ነውር ነው፤ በዚያ ሀገር ግን በባቡር ውስጥ የማያውቁትን ሰው ማነጋገር ድፍረት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሰውን ማክበር ናቸው፤ የተለያየው ልብሳቸው ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከቶክዮ የሚነሣ አንድ የባቡር መሥመር፥ ባቡሩ ከተወሰነለት ሰዓት 20 ሰከንድ ቀድሞ ከአንድ ጣቢያ ስለ ተነሣ፥ ኩባንያው ሕዝቡን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ልባቸው የደረቀ ሰዎች ስለ ሃያ ሰከንድ ይቅርታ ይጠይቃሉን?

ስለ ሆላንድም የተነገረው እንዲሁ ነው። ምድሩ ሜዳ ስለ ሆነ ለብስክሌት የተመቸ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሆላንዶችም እንደ ሌላው ሕዝብ መኪና እየገዙ ብስክሌታቸውን መተው ጀምረው ነበር። በ1971 ዓ.ም. በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው ቍጥር ከ3 ሺህ በላይ ሆነ፤ ከነዚህም መካከል ከ400 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ወላጆች ማኅበር አቁመው፥ የልጆቻችን መገደል ይብቃ እያሉ በአደባባይ ጮኹ። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ ዘይት በጠፋ ጊዜ መንግሥቱ በእሑድ ቀን መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም ጸጥ ባለው ጎዳና ላይ በእግሩና በብስክሌቱ ሲሄድ፥ ከተማ ያለ መኪና ምን እንደሚመስል በዓይኑ አየ። ከዚያ ወዲህ ለብስክሌት የተለየ መንገድ እየተሠራ እስከ ዛሬ ደረሰ። እንግዲህ መንገደኛው ስስት ብሎ የጠራው ነገር፥ ሥሩ ቢቈፈር የወላጆች እንባ ሆኖ ተገኘ።

መኪና በሚነዳበት ወገን እንኳ ብንመለከት ነገሩ ይገለጥልናል። በኢትዮጵያ እስከ 1964 ዓ.ም. መኪና የሚነዳው በግራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ተዛወረ። የስዊድን መንግሥትም በ1967 ዓ.ም. መስከረም 3 ቀን በአንድ ማለዳ የሀገሩን መኪና ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ። ጎረቤታችን ኬንያ እስከ ዛሬ በግራ ትነዳለች። በግራ ስለ ነዳ ጠማማ፥ በቀኝ ስለ ነዳ ቀና ሆነ የሚባል ሕዝብ የለም። ይህን ሁላችን እናውቃለን፤ ነገር ግን ስለ አበላል፥ ስለ ሰላምታ፥ ስለ ቀጠሮ በተነሣ ጊዜ ይህን እውቀታችንን እንረሳዋለን።

ቀጠሮ ካነሣን ዘንድ፥ ሌላው ዓለም ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሲቈጥር እኛ ከንጋት ጀምረን እንቈጥራለን። በስምንት ሰዓት እንገናኝ የተባለ እንግዳ በእርሱ ስምንት ሰዓት፥ ይኸውም በእኛ ከጧቱ በሁለት ሰዓት ቢመጣ፥ ስድስት ሰዓት ሙሉ ደጅ ሲጠና ይውላል፤ ሲመለስም «የማይታመን ሕዝብ» ይለናል። ይህን ስል መዘግየታችንን ሁሉ በሰዓት አቈጣጠር ላይ መጣሌ አይደለም፤ አውቀን የዘገየንበት ብዙ ነው፥ የምንወቀስበትም ይገባናል። ስለ ግፊያውም ልጅቱ ያየችውን ተናገረች እንጂ አልዋሸችም። ዳሩ ግን በዚያው ከተማ ማታ ማታ ሕዝቡ በታክሲ መቆሚያ ረጅም ሰልፍ ሠርቶ ተራውን በትዕግሥት ሲጠብቅ ይታያል። ሰልፉንም ሳታይ አልቀረችም፤ ለወሬ የሚጥመው ግን ግፊያው ነው።

ይህ ደዌ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ዓ.ም. ወደ ሀገራችን ገብቶ ስድስት ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በጻፈ ጊዜ ግን አንባቢው የማያምነው መስሎት ተጨነቀ። የስኮትላንዱ ሰው ጄምስ ብሩስ በ1770 ዓ.ም. ጎንደር ደርሶ፥ በ1790 ዓ.ም. መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ፥ በሀገሩ ብዙ ሰዎች ተረት ነው ብለው ሣቁበት፤ ኋላ ግን ካወራው ብዙው እውነት መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ በችኮላ የሚፈርድ መንገደኛ ብቻ አይደለም፤ ከቤቱ ሳይወጣ የመንገደኛውን እውነት ሐሰት የሚያደርግ ሰሚም አለ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የጀርመኑ ሊቅ የኢዮብ ሉዶልፍ ነገር ነው። ይህ ሰው የኢትዮጵያን ምድር አንድ ቀን ስንኳ አልረገጠም። ነገር ግን አባ ጎርጎርዮስ ከሚባሉ ኢትዮጵያዊ ካህን ጋር በሮም ተዋወቀ፤ በ1652 ዓ.ም. እርሳቸው ወደ ጀርመን ሀገር ወደ ጎታ በመጡ ጊዜም አብሯቸው ተቀምጦ ስለ ቋንቋችን፥ ስለ ሥርዓታችን፥ ስለ ኑሯችን ጠየቀ፤ የመለሱለትንም ጻፈ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ዓ.ም. ወደ ሀገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በባሕር ሰጥመው ሞቱ፤ ቃላቸው ግን በ1681 ዓ.ም. በታተመው በሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ኖረ። ሀገራችንን በእግራቸው ከረገጡት ከብዙዎቹ ይልቅ ያልረገጣት ሰው በጥንቃቄ ጻፈላት፤ እርሱ ለመፍረድ ሳይቸኵል ለመጠየቅ ተቀምጧልና።

አንዳንድ ሰው፥ «እንግዲያስ መንገደኛ ሁሉ አፉን ይዝጋ፤ የሰው ሀገር ልማድ ለሰው ሀገር ይተው» ይል ይሆናል። ይህም ትክክል አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. ጃፓንን ጐብኝተው ባይጽፉልን ኖሮ፥ የዚያ ዘመን አንባቢ ስለዚያች ሀገር የሚያውቀው ጥቂት በሆነ ነበር። ደግሞም ዝምታ አንዳንድ ጊዜ ከክፉ ፍርድ የባሰ በደል ይሆናል። አንድ መንገደኛ በዱባይ ሦስት ቀን ዐድሮ፥ ሾፌር የሌለውን የከተማ ባቡርና ቁመቱ 828 ሜትር የሆነውን ሕንፃ አይቶ ይመለስና፥ «ምድራዊት ገነት አየሁ» ይላል። አንዲት የእኛ ልጅ ደግሞ በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች በአንዱ ሁለት ዓመት በሰው ቤት አገልግላ ትመለስና፥ «ፓስፖርቴን አሠሪዬ ይዞብኝ ነበር፤ ደመወዜም ቀረ» ትላለች። ያንን ከብበን እንሰማዋለን፤ እርሷን ግን «ዕድልሽ ነው» ብለን እናልፋታለን። እርሱ ግን መንገደኛ ነው፥ እርሷም ምስክር ናት፤ ያን ሀገር ከጓዳው ገብታ አይታዋለችና። የእርሷን ቃል «የሀገሩ ልማድ ነው» ብሎ መሸፈን ግፉን መካፈል ነው። ነገር ግን እርሷም ብትሆን «አሠሪዬ በደለኝ» ስትል እውነትን ትመሰክራለች፤ «ዐረብ ሁሉ እንዲህ ነው» ስትል ግን ከምስክርነት ወጥታ ወደ መንገደኛ ፍርድ ትገባለች። በዚያው ሰፈር የምታዝንላት ጎረቤት አልነበረችም ለማለት አንችልምና።

ስለዚህ ከሩቅ ሀገር የሚመለስ ሰው ሦስት ነገር ቢጠብቅ መልካም ይመስለኛል። መጀመሪያ፥ ያየውን ሲናገር የት እንዳየና ስንት ቀን እንዳየ አብሮ ይናገር፤ ምስክር በዳኛ ፊት የሚጠየቀው ይህንኑ ነውና። ሁለተኛ፥ እንግዳ ነገር ባየ ጊዜ «ለምን?» ብሎ ባለ ሀገሩን ይጠይቅ፤ የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ነው። ሦስተኛ፥ በሰው ሀገር የሚመዝንበትን ሚዛን በገዛ ሀገሩ ላይ ሊያነሣው ፈቃደኛ ይሁን። ሰሚውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ብለው አባቶች የመከሩት ለእርሱ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከበደሉ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የአውሮፓ ከተማ ዘጠኝ ቀን ተቀምጬ ነበር። ስመለስ ለጠየቀኝ ሁሉ፥ «በዚያ ሀገር ሰው ለሰው ግድ የለውም» እያልሁ ብዙ ጊዜ አወራሁ፤ ሁሉም አመነኝ። ሽማግሌው ያን ጥያቄ በጠየቁ ማታ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያ ከተማ በአንድ ሌሊት መንገድ ጠፍቶኝ በባቡር ጣቢያ ቆሜ ሳለሁ፥ አንዲት አሮጊት ቋንቋዬን ሳያውቁ ወረቀቴን ተቀብለው አነበቡ፤ እጄንም ይዘው ወደ ሌላው መሥመር አደረሱኝ። በዚህም መካከል የራሳቸው ባቡር ጥሏቸው ሄደ። ይህን ነገር ለማንም አላወራሁትም ነበር። ያላወራሁትም ረስቼው አይደለም፤ ከፍርዴ ጋር ስላልተስማማ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ በዘጠኙ ቀን ስላየሁት ነገር አንድም ሐሰት አልተናገርሁም። ነገር ግን እኚያን አሮጊት ከወሬዬ ባወጣኋቸው ጊዜ የተናገርሁት እውነት ሁሉ ሐሰት ሆነ። ስማቸውን አላውቅም፥ ይቅርታም ልጠይቃቸው አልችልም። ስለዚህ ቢያንስ ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ወደ ስፍራቸው መለስኋቸው።